ከሰዓት በኋላ የሚመጡት ወፎች

ኡርቪ በቦዩ ላይ ሥራ ማግኘቷ የተሰማ ዕለት ቤተሰቡ ለጎረቤት ጣፋጭ ሲያዳርስ፣ አያቷ ጃምኩባ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ከዳሩ ነው ወይስ ከላዩ?»

ከላዩ ነበር።

የዴቭሳርን መንደር ታክኮ የሚያልፈውን ቦይ ያላየ ሰው የጃምኩባ ጭንቀት የአሮጊት ጭንቀት ብቻ ሊመስለው ይችላል። ውሃው ከሩቅ ወንዝ ተጠልፎ የመጣ ነው፤ ላዩ የተኛ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ይነዳል። ግድግዳው ወደ ውስጥ የተንጋለለ ስሚንቶ ነው፤ ስሚንቶውንም አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር ወርሶታል። ባለፈው ዓመት የጎረቤቷ የማኒቤን ጎሽ አዳልጧት ገብታ በትራክተርና በግማሽ መንደር ጉልበት ነው የወጣችው። ጎሽ ደግሞ መዋኘት ታውቃለች። ኡርቪ አታውቅም።

ይህን ቦይ ነው እንግዲህ ሶላር ያለበሱት። ከዳር እስከ ዳር ብረት አጋደሙበት፤ በብረቱ ላይ የመስተዋት ሰሌዳዎቹን ደረደሩና ጣራ ሆነለት። ፀሐይዋ መብራት ትሆናለች፣ ውሃው በጥላ ሥር ስለሚሄድ አይተንም፣ ከገበሬም መሬት አይወሰድም ተባለ። ጃምኩባ ይህን ሁሉ አልተቃወመችም። እስከ ሰባተኛ ክፍል የተማረች ሴት ናት፤ ጋዜጣ ታነባለች። የተቃወመችው ሰሌዳ የሚያጥቡት ልጆች የሚመላለሱበትን መተላለፊያ ነው። ወንፊት የመሰለ ብረት ነው፤ በቀዳዳው ቁልቁል ውሃው ሲሄድ ይታያል። ሰው እግሩ ሥር ውሃ ሲሄድ እያየ እንዴት ልቡ ይቆማል?

«ወገቤ ላይ ገመድ አለ እኮ፣ ባ» ትላት ነበር ኡርቪ። ቤተሰቡም መንደሩም ባ ነው የሚላት፤ እናትየዋ እንደ ማለት።

«ገመዱን ማን አሰረው?»

«እኔ ራሴ።»

«አየሽ» አለች ጃምኩባ፣ እንዳሸነፈች ሁሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቦዩ ዳር ቆማ ዋለች። ኡርቪ ጎንበስ ስትል ትጮኻለች፤ ቀና ስትል ትጮኻለች። አንዱ ጎረምሳ በጩኸቱ ደንግጦ የያዘውን ረጅም ብሩሽ ውሃ ውስጥ ጣለው፤ ብሩሹም ሄደ፣ እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። ኡርቪ ግን አልሳቀችም። ማታ ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ባ ሌላ ቀን ቦዩ ዳር ከታየች ራሷ ሄዳ ወደ ከች አዛውሩኝ እንደምትል ተናገረች።

ከች ማለት የጨው በረሃ ነው። የዓለም ሶላር ሁሉ እዚያ የፈሰሰ ይመስል በረሃው በመስተዋት ተሸፍኗል ይባላል። እዚያ የሄደ ልጅ ለዱሴራ በዓል ካልሆነ አይመለስም። ውሃውስ እንዴት ነው፣ እህሉስ፣ እባቡስ? ጃምኩባ እባቡን ካሰበች በኋላ ሌላ ማሰብ አልቻለችም። ስለዚህ በቤት ውስጥ በቆመው በእናቲቱ አምላክ በማታጂ ሥዕል ፊት እጇን አጋጥማ፣ ከእንግዲህ ቦዩ ዳር እንደማትታይ ማለች። እንደማትሄድ ግን አልማለችም።

ነገሩን የባሰ ያደረገው ኡርቪ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ መሆኗ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ፓርማር ሳሂብ፣ ጌታው ፓርማር እንደ ማለት፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ የቦዩን አንድ ክፍል ሰጥቶ ነበር። ክፍሉን አጥቦ፣ ሽቦውን ተከታትሎ፣ ጥሩ ኃይል ያወጣ እዚሁ ይቀጠራል፤ የደከመው ወደ ከች ይላካል። ለኡርቪ የደረሳት የመጨረሻው ክፍል፣ በመንደሩ በኩል ያለው ጭራው ነው። ልጅቱ ሌሊቱ ሳይነጋ ተነስታ እንደ ሙሽራ ፊት ታጥበዋለች፤ በመጀመሪያው ወር ከሁሉም በላይ ያመነጨ የእሷ ክፍል ነበር። ከሰው ዓይን ይሰውራት እንጂ ጎበዝ ናት። ጃምኩባም ለልጅቱ ዕድል ስለት ገባች፤ ኡርቪ በዚሁ እስክትቀጠር ድረስ ሻይ ላትቀምስ ተሳለች። በቀን ስምንት ብርጭቆ ሻይ የለመደች ሴት ናት። ከዚያ ጀምሮ ራሷን ያማት ነበር፤ ምራቷ ሃንሳም ከእሷ ጋር መነጋገር የምትችለው ስለ አየሩ ብቻ ሆነ።

በዚህ መሃል የፓፓድ ወር ደረሰ። ሰርጉ ከመብዛቱ፣ ዝናቡም ከመግባቱ በፊት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት በዚያ ወር የዴቭሳር ሴቶች መዳመጫና ጣውላቸውን ይዘው፣ ዛሬ እገሊት ቤት ነገ እገሊት ቤት እያሉ የዓመቱን ፓፓድ ይሠራሉ። የማሾ ዱቄት በቁንዶ በርበሬና በዘይት ተወቅጦ፣ ተድጦ፣ ተዳምጦ እንደ ወረቀት ይሳሳል። ከዚያ በፀሐይ ይደርቅና ዓመቱን ሙሉ እሳት እያስነኩ መብላት ነው። የጃምኩባ ፓፓድ ስስነቱ የታወቀ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ቢያርፍ ከሥሩ ዜናው ይነበባል ይሉላታል። ጭንቁ ማድረቁ ነው። ግቢ ውስጥ አልጋ ላይ ሲሰጣ ቁራው አለ፣ ፍየሉ አለ፣ ከሁሉ ከሁሉ የጭነት መኪናው አቧራ አለ።

ጃምኩባ ይህንን አቧራ በልቧ አመሰገነችው። ቅርጫቷን አናቷ ላይ አድርጋ፣ ለሃንሳም ንጹሕ ቦታ ፍለጋ መሄዷን ነግራ በሰፈሩ ጀርባ ዞረችና ከቦዩ ጭራ ደረሰች። እዚያ አንድ የኒም ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ፊቷን በሳሪዋ ሸፈነች። ከሩቅ ሲታዩ የዴቭሳር አሮጊቶች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ነጭ ሳሪ፣ ጎበጥ ያለ ጀርባ፣ የሚንቀሳቀስ አፍ። ኡርቪ ሁለት ጊዜ ወደዚያ አየች፤ አላወቀቻትም። ጃምኩባም ማልቀስ ሲያምራት የሳሪዋን ጫፍ እየነከሰች፣ ልጅቱ በዚያ ወንፊት ላይ ስትራመድ ዓይኗን ሳትነቅል ዋለች።

እኩለ ቀን ሲሆን ልጆቹ ሥራ ያቆማሉ። የጋለ መስተዋት ላይ ውሃ ቢደፋበት ስለሚሰነጠቅ፣ ፀሐይ እስክትበርድ ድረስ ወዲያ ጫፍ ካለው የቆጣሪ ቤት ገብተው ማራገቢያ ሥር ይቀመጣሉ። ጃምኩባ ግን ቤቷ መሄድ አልሆነላትም፤ ልጅቱ ድንገት ብትመለስስ? ተቀመጠች። ቅርጫቷ አጠገቧ ነው፤ ፓፓዱ እርጥብ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ወደ ዳር ወርዶ ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ ይላል። ሰሌዳው ታጥቧል፣ ያብለጨልጫል፣ በእጇ ነካ ብታደርገው እንደ ምጣድ ግሏል። ያውም ኡርቪ በገዛ እጇ ያጠበችው። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ነገር በጉጃራት ምድር የት ይገኛል?

ስስ ጨርቅ አነጠፈችና ፓፓዷን ደረደረችበት። የማታጂን ስም በመቁጠሪያዋ ቆጥራ ሳትጨርስ ደረቀ። ዳሩ አልተጠቀለለም፣ መሃሉ አላበጠም። ጃምኩባ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ፓፓድ አላየችም።

ማኒቤን የሰው ጓዳ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅባትም። በማግስቱ ቅርጫቱን ተከትላ መጣች።

«ጃምኩ፣ ይሄን ከእኔ ትደብቂያለሽ? ያኔ ጎሼን አብረን ያወጣን ሰዎች?»

«አንቺ ጭራዋን ይዘሽ ስታለቅሺ ነበር፣ ምን አወጣሽ?»

«ቢሆንም ይዤ ነበር» አለች ማኒቤንና ሳትጠየቅ በርበሬዋን አሰጣች።

ማኒቤን ካወቀች መንደሩ አወቀ። በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ የቦዩ ጭራ የገበያ ቀን መሰለ። በርበሬው ቀላ፣ እርድ የተቀባው ማንጎ ቢጫ ሆኖ ተደረደረ፣ ሰሊጡ ተበተነ፤ ማኒቤን እንዲያውም የክረምት ብርድ ልብሷን አምጥታ አነጠፈች። ሁሉም ለዚህ ቦታ ጃምኩባን አመሰገኑ። እሷም ዓይኗን ከቆጣሪው ቤት በኩል ሳትነቅል ምስጋናውን ተቀበለች፤ ጎረቤቶቿንም ኃላፊዎቹ ካዩ ዕቃ ይወርሳሉ ብላ ስላስፈራራቻቸው፣ ስትጠቁማቸው ሁሉም ጠቅልሎ ለመነሳት ተዘጋጅቶ ነው የሚቀመጠው። ፍርሃቷ ግን ዕቃው አልነበረም፤ ኡርቪ እንዳታያት ነው።

የኡርቪ ቁጥር መውረድ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው።

ልጅቱ ቤት ስትገባ ፊቷ መጥቆሩን ጃምኩባ ከማንም በፊት አየች። ጠዋት ጠዋት የእሷ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል፤ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ግን ቆጣሪው ቁልቁል ይወርዳል። ሽቦውን አንድ በአንድ ፈተሸች፤ ደህና ነው። እንደገና አጠበች፤ ደህና ነው። ፓርማር ሳሂብ ደግሞ ቁጣውን በጨዋ ደንብ የሚናገር ሰው ነውና፣ አንዳንድ ሰው ለቦይ አንዳንዱ ለበረሃ ይፈጠራል ብሏታል።

ጃምኩባ የምታውቀውን ምክር ሁሉ ሰጠች። ሶላሩም እንደ ሰው ከምሳ በኋላ ይደብተው ይሆናል አለች። ዓይን በልቶት ይሆናል ብላም ሎሚና ቃሪያ በክር ሰክታ፣ ሰው ሳያይ ከመጨረሻው ምሰሶ ላይ አንጠለጠለች። ማኒቤንንም ዓይንሽን ወደ ውሃው አዙረሽ ተቀመጪ አለቻት።

አንድ ቀን ኡርቪ ነገሩ አላስችል ብሏት በጠራራው ፀሐይ ከቆጣሪው ቤት ወጥታ ወደ ጭራው መሮጥ ጀመረች። ጃምኩባ ከሩቅ አየቻትና ቆሌዋ ተገፈፈ። አሮጊቶቹ ማንጎውን፣ በርበሬውን፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልለው ከኒሙ ጀርባ ወዳለው የጥጥ ማሳ ገቡ። ኡርቪ ስትደርስ ባዶ መስተዋት ብቻ አገኘች። ከቆጣሪው ቤት በስልክ ደውለው ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ አሏት። ተመልሳ ማራገቢያው ሥር እንደተቀመጠች እንደገና ወረደ። ከዚያ ጀምሮ ጎረምሶቹ ሶላሩ አንቺን ሲያይ ብቻ ነው የሚሠራው እያሉ ያበሽቋት ያዙ። ጃምኩባም ይህን ማታ ስትሰማ ልጆቹን ረገመቻቸው፤ የሰው ልጅ እንዴት እንዲህ ይጨክናል ብላ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ትልቁ ሳሂብ፣ የፓርማር ሳሂብ አለቃ፣ ከግዛቲቱ ዋና ከተማ ከጋንዲናጋር የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ማን እንደሚቀር ማን ወደ ከች እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ሃንሳ የልጇን ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዳ ትጠርጋለች፤ ኡርቪ ሮትላ ቂጣዋን በአሬራ እያማገች፣ ባ ደግሞ ያለ ሻይ ራሷን አስራ ትቁለጨለጫለች።

«እሺ አንድ ነገር አስረጂኝ» አለች ጃምኩባ። «ሌላው ክፍል ደህና ሆኖ ያንቺ ብቻ ለምን ይደክማል?»

ኡርቪ ለማስረዳት አቅሙ አልነበራትም፤ ግን ባን እምቢ ማለት አትችልም። «ሰሌዳዎቹ በረድፍ የተያያዙ ናቸው፣ ባ። እናንተ ፓፓድ ስትሠሩ በረድፍ ትቀመጡ የለም? አንዷ ትድጣለች፣ አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ትዳምጣለች። መሃል ላይ ያለችው እጇን ብትሰበስብ ምን ይሆናል?»

«ሁሉም ቁጭ ይላል። ማኒቤን ሁልጊዜ እንደምታደርገን።»

«ይሄም እንደዚያ ነው። አንዱ ሰሌዳ ላይ ጥላ ካረፈ ረድፉ በሙሉ ይደክማል።»

ጃምኩባ እጇ አሬራው ማሰሮ ላይ ቀረ። «ትልቅ ጥላ ነው እንዴ? የዛፍ?»

«ትንሽም ይበቃል። ቅጠልም ሲከመርበት።»

«የፓፓድ ያህልስ?»

ኡርቪ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። «ፓፓድ እዚያ ምን ይሠራል፣ ባ?» ብላ ግንባሯን ስማት፣ የራስ ቆቧን ይዛ ወጣች።

ጃምኩባ ከወንበሯ አልተነሳችም። ሃንሳ መጀመሪያ ያው የሻይ ራስ ምታት ነው ብላ ዝም ብላት ነበር፤ በኋላ ግን አሮጊቷ ሻንጣውን እያየች በአፏ የሆነ ነገር ስታነበንብ ፈራች። ጃምኩባ ያን ሁሉ ቀን ልጅቱን ልጠብቅ ብላ በገዛ እጇ፣ በገዛ ፓፓዷ ወደ እባቡ አገር ስትገፋት ኖራለች። ለኡርቪ ልትነግራት አሰበች፤ ግን ልጅቱ አታውቅም ነበር ብሎ ማን ያምናል? አያቷ ናት፣ ሰሌዳዋ ነው። ማኒቤንን አስጠርታ ዛሬ እንዳይሰጣ ልታደርግ አሰበች፤ ማኒቤን ግን ጠዋት ወደ ዘመዶቿ መንደር ሄዳ ነበር፣ ሌሎቹም በየማሳቸው ናቸው። እኩለ ቀን ሲሆን ደግሞ በየቤቱ ያለ ትሪ እግር አውጥቶ ወደ ቦዩ እንደሚሄድ ታውቃለች።

ሳሪዋን አስተካከለች፣ አንድ ጣሳ ፓፓድ ያዘችና ወደ ፓርማር ሳሂብ ቢሮ ሄደች።

ፓርማር ሳሂብ እንግዳ ሊቀበል የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጠረጴዛውን በክርኑ ያጸዳ ነበር። ጃምኩባ ከምን እንደምትጀምር ጠፍቷት ከማሾው ጀመረች፤ ስለ አቧራው፣ ስለ ቁራው፣ ስለ ጎሿ ሁሉ ነገረችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ እሱ ጣሳውን ከፍቶ አንድ ፓፓድ ብርሃን ላይ እያየ ነበር። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«ባ፣ የመንግሥት የኃይል ማመንጫ ላይ ነው ያሰጡት?»

«ጫፉ ላይ ብቻ ነው፣ ሳሂብ።»

«ብቻዎን?»

ጃምኩባ ጎረቤት አሳልፋ የምትሰጥ ሴት አይደለችም፤ ግን ሰዓቱም ደርሷል፣ በመስኮቱ ከወዲያ የሚታየው የቦይ ጫፍ በሩቁ መቅላት ጀምሯል።

ፓርማር ሳሂብ ይህን ጊዜ ነው የተቆጣው። ጥፋተኞቹን አንድ በአንድ አስመዝግቦ ለትልቁ ሳሂብ እንደሚያሳይ፣ ኡርቪንም በዚያው እንደሚጠራት፣ የራሷ ቤተሰብ እየጋረደባት አላየሁም ብትል ሕፃን እንኳ እንደማያምናት እየተናገረ በረጅም እርምጃ ወደ ጭራው አመራ። ጃምኩባ ከኋላው እየሮጠች፣ የልጅቱ ጥፋት የለበትም፣ እኔን ወደ ከች ይላኩኝ፣ እዚያ ሄጄ መስተዋት አጥባለሁ ትለዋለች። መንገድ ላይ ኡርቪ አገኘቻቸውና ነገሩን ከሁለቱም አፍ በአንድ ጊዜ ሰማች። ባን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ፊቷን አዙራ ከፊታቸው ወደ ጭራው ሄደች፤ ጃምኩባ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ኒሙ ጋ ሲደርሱ ሴቶቹ ትሪውን ትተው በጥጡ ማሳ ተበትነዋል። ፓርማር ሳሂብ ፈገግ አለ። በዚያ አገር የሴት ዕቃ ስም የሌለው አይደለም፤ ለሰርግ የተሰጠ ትሪም ይሁን ድስት፣ ጠርዙ ላይ የሰጪውና የተቀባይዋ ስም ይቀረጽበታል። ሰው ቢሸሽ ትሪው አይሸሽም። ፓርማር ሳሂብ ጎንበስ ብሎ እንደ ዳኛ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር።

«ከአጎቷ ለማኒ። በርበሬ» አለ። ማኒቤን የለችም፤ የልጇ ሚስት አምጥታላት ይሆናል። «ከዴቭሳር ወተት ማኅበር ለካሹ። ሰሊጥ። ከታላቅ ወንድሟ ለጂቪ፤ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ የሕፃን ካልሲ?» እያለ ረድፉን ተከትሎ ሄደ። የመጨረሻው ትሪ ከሁሉም የሚያምር፣ ወፍራም፣ በእርድ የተቀባ ማንጎ በሥርዓት የተደረደረበት ነበር። «ከአባቷ ከናቱባይ ቻውዳ» ብሎ ጀመረና ድምፁ ተቆረጠ።

ኡርቪ አንገቷን አስግጋ ቀሪውን አነበበችው። «ለናይና ፓርማር። በሰርጓ ቀን።»

ናይና የፓርማር ሳሂብ ሚስት ናት።

ሳሂብ ማንጎውን ያያል። ጃምኩባ፣ የሰው ገመና ማየት ነውር ነውና፣ ሰማዩን ታያለች።

«ማንጎው ባለፈው ሳምንትም ቤት ውስጥ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ ይመስላል። «እንዴት እንዲህ ቶሎ ደረቀ ብዬ ጠይቄያት ነበር።»

«እና ምን አለች?» አለች ጃምኩባ።

«የአንተ ሥራ ውጤት ነው አለችኝ።»

በዚህ መሃል ከመንደሩ መግቢያ የጂፕ አቧራ ታየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጃምኩባ ለሃንሳ ስትነግራት ሃንሳ አላመነቻትም። ፓርማር ሳሂብ በተተኮሰው ሸሚዙ የሚስቱን ማንጎ ታቅፎ ሮጠ። ኡርቪ በርበሬውን፣ ጃምኩባ ሰሊጡንና ካልሲውን ይዘው ተከተሉት። ከማሳው ውስጥም ሴቶቹ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ የየራሳቸውን አነሱ፤ ሁሉም በሰሌዳዎቹ ሥር፣ ከብረቱ ጥግ ተወሸቀ፤ እነሱም ወደ ማሳው ተመለሱ። ጃምኩባ ያን ጊዜ ብቻ ነው ቁልቁል ስታይ እግሯ ወንፊቱ ላይ መሆኑን ያወቀችው። ኡርቪ ክንዷን ይዛ አወጣቻት። «ገመድም የለሽም» አለቻት።

ትልቁ ሳሂብ አጠር ያለ፣ ዝምተኛ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰው ነው። በቦዩ ዳር ሲሄድ ቆይቶ ጭራው ላይ ቆመ። የዚህ ክፍል ኃይል ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

ፓርማር ሳሂብ ላቡን ጠረገ። «ወፍ ነው፣ ጌታዬ።»

«ወፍ?»

«ያርፉበታል። ብዙ ናቸው።»

«ምን ዓይነት ወፍ?»

ፓርማር ሳሂብ ወደ ኡርቪ አየ፤ ኡርቪ መሬቱን አየች። «ትልልቅ ናቸው» አለ። «ከምሳ በኋላ ነው የሚመጡት።»

«በመንጋ ነው የሚመጡት» አለች ጃምኩባ ሳትጠየቅ። «በጣም የሚንጫጩ ናቸው፣ ሳሂብ። ግን ዛሬ አፍረዋል፤ አይመለሱም።» ከጥጡ ማሳ ውስጥ የሆነች ሴት አስነጠሰች፤ በርበሬ ስትሸከም የቆየች ሳትሆን አትቀርም።

ትልቁ ሳሂብ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። በመጨረሻው ሰሌዳ ጥግ፣ ብሩሽ በማይደርስበት፣ ከትናንቱ የጃምኩባ ፓፓድ አንዱ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር፤ ከስስነቱ የተነሳ ለዓይን ስለማይታይ ማንም አላነሳውም። በጥፍሩ ላጠው። አየው። ቆረሰና አፉ ውስጥ ጨመረው፣ ሳይጠበስ እንዲያው። የኡርቪ ዓይን ተጨፈነ።

«ቁንዶ በርበሬው ልክ ነው» አለ ሲያኝክ ቆይቶ። «እናቴ መንደር የነበሩት ወፎች እንዲህ አያሳሱትም ነበር።»

ከዚያ የጠዋቱን ቁጥር ጠየቀ፤ ኡርቪ ነገረችው፤ ከሁሉም የሚበልጥ ነበር። ሽቦውን ማን ፈተሸ አለ፤ እኔ አለች። ይህች ልጅ እዚሁ ትቆይ፣ ነገር ግን ለዚህ ጫፍ ጠባቂ ይቀመጥለት፣ ወፎቹን በመልካቸውም በጠባያቸውም የሚያውቅ ሰው ይሁን አለና ወደ ጂፑ ዞረ። ፓርማር ሳሂብ ወደ ጃምኩባ ሲዞር ከጥጡ ማሳ የወጡት ዓይኖች ሁሉ አብረውት ዞሩ።

በቢሮው ለእንግዳው ሻይ ሲቀርብ ጃምኩባ በሩ ላይ ቆማ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች፤ ሦስተኛውን ራሷ ቀዳች። ትልቁ ሳሂብም ሲሄድ ያቺን የፓፓድ ጣሳ አልረሳትም።

ኡርቪ ያን ቀን ማታ አላናገረቻትም። በማግስቱም እስከ ቁርስ ድረስ እንዳኮረፈች ነበር። ቁርስ ላይ ግን «ጥጡ ማሳ ውስጥ እባብ የለም እንዴ፣ ያን ሁሉ ቀን ስትደበቂ?» አለቻት። ጃምኩባ ያን አላሰበችበትም ነበር፤ እግሯን ከመሬት አነሳች። ልጅቱ ሳቋ አመለጣት፣ ሃንሳም ሻንጣውን መልሳ ሰቀለችው።

ፓርማር ሳሂብ ለአዲሷ ጠባቂ ብርቱካናማ ሰደርያ ሰጣት፤ እሷ ከነጩ ሳሪ ላይ ደረበችው። ፊሽካም በገመድ አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት። አልጋዋን ከኒሙ ሥር አዘረጋች። ማኒቤን ከዘመዶቿ ተመልሳ የሆነውን ስትሰማ፣ ጎሿን እየሳበች አልጋው አጠገብ መጥታ ለዘመድ እንኳ ቢሆን አንዲት ትሪ አታሳልፊም ወይ ብላ ለመነቻት። ጃምኩባ መልስ ሳትሰጥ ፊሽካውን ነፋች። ጎሿ በረገገች፤ ማኒቤንም ጎሿን ተከትላ ሄደች።

በመጀመሪያው ጠዋት ግን ፊሽካው ገና ፀሐይ ሳትሞቅ፣ አንዲት ወፍም ሳትመጣ፣ እንደ ባቡር ጣቢያ ይነፋ ጀመር። ልጆቹ ብሩሻቸውን ጥብቅ አድርገው ያዙ። ኡርቪ ገመዷን ከብረቱ ፈትታ ወደ ዳር ወረደች።

«ባ፣ ይሄ እኮ ወፍ ሲመጣ ብቻ የሚነፋ ነው።»

«ጎንበስ ስትዪ አየሁሽ።»

«ሥራዬ እኮ ጎንበስ ማለት ነው።»

«እኔስ ሥራ ላይ አይደለሁም?» አለች ጃምኩባና የልጅቱን የወገብ ገመድ ስባ ቋጠሮውን ታየው ጀመር። «ይሄን ደግሞ ማን ነው ያሰረው?»